ጉበኑን የነካች

የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ "እዚያማ የአክስቴ ልጅ አለ" የሚል አይጠፋም፤ የአክስቱ ልጅ ደግሞ ይህን ሰምቶ ይቀየመኛል። ስለዚህ ከተማዋ ዝም ብላ ከተማ ትባል። እኔ በዚያች ከተማ አሥራ ሰባት ዓመት የሕግ በሩ ጉበን ተመልካች ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራው እንግዳ ለሆነበት ላስረዳ።

በከተማዋ መካከል ሁለት ረጃጅም የድንጋይ መቃኖች ቆመዋል። ከላያቸው አንድ ወፍራም ድንጋይ ተጋድሟል፤ ጉበን የምንለው እሱን ነው። ግራና ቀኙ ግድግዳ የለውም፤ በሩ ብቻውን ነው የቆመው። ከበሩ ወዲያ የከተማዋ አዛዥ ጽሕፈት ቤት አለ። በጎን ዞሮ መሄድ ይቻላል፤ ግን የሚዞር አልነበረም። ሕዝቡ ሕግ አክባሪ ነው።

በዚያ አገር የልደት ቀን የሚጽፍ ሰው ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ "ልጅ በልጅነቷ አትዳር" የሚል ሐሳብ የመጣ ጊዜ ልጅነት የት ላይ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ጠፋ። ሸንጎው ሦስት ወር ተከራከረ። በመጨረሻ ወላጆቻቸው "አሥራ ስምንት ሞልቷቸዋል" ብለው የማሉላቸውን አርባ ልጃገረዶች አሰልፎ ቁመታቸውን ለካና ጉበኑን በመካከለኛው ልክ አስቀመጠ። ሕጉ በቀኙ መቃን ላይ ከላይ እስከ ታች ተቀረጸ። የመጀመሪያው መስመር "በባዶ እግሯ ቆማ ራሷ ጉበኑን ያልነካ ልጅ አትዳርም" ይላል። ከዚያ ወዲያ በእኛ ከተማ ዕድሜ በጉበን ሆነ። አንዷ ሌላዋን "ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?" ብላ ስትጠይቅ "አንድ ጋት ቀርቷታል" ነው መልሱ።

የእኔ ሥራ ከበሩ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንዲት ስንደዶ በልጅቷ አናትና በጉበኑ መካከል ማሳለፍ ነበር። ስንደዶዋ ካለፈች "አልነካችም" እላለሁ። ካላለፈች "ነካች" እላለሁ። ከእነዚህ ከሁለቱ ቃላት ሌላ በሥራ ሰዓት አልናገርም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ አንዴ ያልኩትን የሚሽር ሰው አልነበረም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተረገምኩ። አባቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ያመጣሉ፣ እኔ "አልነካችም" እላለሁ፣ እነሱ ዘሬን ከሥሩ ይነቅሉታል። የልጃቸውን ጠጉር ሽቅብ ጎንጉነው የሚያመጡ ነበሩ። በጠጉሯ ውስጥ ጥጥ የሚሰገስጉም ነበሩ። አንዱማ ልጁን በእግር ጣቷ መቆም ለስድስት ወር አስተምሯት መጥቷል። ሁሉንም ደርሼባቸዋለሁ። እኔን የሚያታልል ገና አልተወለደም እያልኩ እኮራ ነበር።

ሕጉ ለአጭር ሰው ምሕረት የለውም። አጓጉሽ የምትባል ሴት በመጀመሪያው ዓመት ሠላሳ ዓመቷ ነበር፤ እጮኛዋን አስከትላ መጣች። ቆመች። አንድ ጋት ቀራት። "አልነካችም" አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሕግ ፊት ልጅ ናት ተባለ። ቤት መከራየት ሲያምራት ሞግዚት ያስፈልጋታል ተብሎ፣ ራሷ አዝላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ሞግዚቷ ሆኖ ፈረመ። በየዓመቱ እየመጣች ትቆማለች፤ በየዓመቱ እመልሳታለሁ። በሦስተኛው ዓመት እጮኛዋ ረጅም ሴት አገባ። በአምስተኛው ዓመት፣ በሠላሳ አራት ዓመቷ፣ ስንደዶዬ አላልፍ አለች። "ነካች" አልኩና፣ ደንቤን ጥሼ እንኳን ለዚህ አበቃሽ አልኳት። ጫማዋን አንስታ ሄደች። በኋላ የበሩ ጠራጊ ሆና ተቀጠረችና በየቀኑ እንተያይ ጀመር።

አሁን ስለ ምስጋናው ልንገራችሁ። ልጃቸው የነካችላቸው ቤተሰቦች ለበሩ አንድ ዝርግ ድንጋይ ያመጣሉ። ውፍረቱ ከጣት አይበልጥም። የሙሽራይቱ ስም ይቀረጽበትና በአዲስ ዓመት ዋዜማ የዚያ ዓመት ሙሽሮች ድንጋዮች ሁሉ በበሩ ሥር ይነጠፋሉ። በሚቀጥለው ዓመት የሚቀጥሉት ከእነሱ በላይ ይነጠፋሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ በእኛ ከተማ ከእግር በታች ነበር የሚውለው። የከፋው ሰው አላየሁም። ምስጋና ነዋ።

በስድስተኛው ዓመት ገደማ አንድ ደስ የሚል ነገር ተስተዋለ። ልጆቻችን ቶሎ ቶሎ ማደግ ጀመሩ። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ይነኩ የነበሩት በአሥራ አራት ነኩ፤ ቀጥሎ በአሥራ ሦስት፤ ቀጥሎ በአሥራ ሁለት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን ያን ጊዜ ያስታወሰ ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ አየሩ ነው አሉ፤ ሴቶቹ ሽሯችን ነው አሉ። ጎረቤት ከተሞች መልእክተኛ ልከው ምን እንደምንበላ ጠየቁ፤ ብንነግራቸው አላመኑንም። ሸንጎው ነገሩን የሚያጠና ሊቀ ዕድገት የሚባል አዲስ ሹም ሾመ።

እኔም አደግሁ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ በበሩ ሳልፍ ግንባሬን ጉበኑ መታኝ። ቀድሞ አይደርስብኝም ነበር። ሊቀ ዕድገት ዘንድ ሄድኩ፤ እብጠቱን መርምሮ "ዘግይቶ የመጣ ዕድገት" የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱን ቤቴ ሰቀልኩት። በርጩማዬም ከፍ አለብኝ፤ ስቀመጥበት ከልጆቹ አናት በላይ እሆናለሁ። አናጺ ዘንድ ወስጄ እግሩን አስቆረጥኩት። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሜ አስቆረጥኩት። በመጨረሻ እግር የሚባል አልቀረውም።

የከተማው አዋቂ ሁሉ ግንባሩ ሲያብጥ ጊዜ አዛዡ "ወደ ሕግ የሚገባ ሰው ይጎንበስ" ብለው አወጁ። ጥሩ አዋጅ ነበር፤ እብጠቱ ቆመ። "አንገት ደፊ አገር አጥፊ" የሚለው ተረት ግን ሕዝቡን ያስቀይማል ተብሎ በዚያው አዋጅ ተከለከለ። ወደ በሩ የሚያወጣ ደረጃም ተሠራ፤ መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት። ደረጃ ያለው በር ክብር አለው ተባለ።

አትጠገብን ያወቅኋት በዚህ ጊዜ ነው።

አባቷ ይስማው የምስጋናውን ድንጋዮች የሚጠርበው ሰው ነው። ዝምተኛ፣ እጁ የተላጠ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው። ሚስቱ ትርንጎ በወሊድ ሞታበታለች። ልጅቷ ያን ጊዜ አሥር ዓመቷ ነው፤ አባቷ ድንጋይ ሲያመጣ በአህያይቱ ጎን ትከተላለች። ሌሎች ልጆች በሩን ሲያዩ ዝም ይላሉ። እሷ ግን አፏ አይዘጋም። ፊደል የለየችው የሙሽሮችን ስም ከድንጋይ ላይ እያነበበች ነው፤ የአባቷን መሮ እያነሳችም ትቀርጻለች። የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ ጠራቢ መሆን።

"ጋሼ፣ በርጩማህ ለምን እግር የለውም?" አለችኝ አንድ ቀን።

"አስቆርጬው ነው።"

"ለምን?"

"አድጌ።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ሱሪህስ ለምን አላጠረህም?"

ሱሪዬን አየሁት። ከተሾምኩ ጀምሮ ለሥራ የምለብሰው ያው ሱሪ ነው። ጉልበቱ ተጥፏል፤ ርዝመቱ ግን እንደ ድሮው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነው። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። አንድ ሰው ከወገቡ በላይ ብቻ ሊያድግ ይችላል ወይ እያልኩ ሳስብ ዋልኩ።

በማግስቱ አጓጉሽን ጠየቅኋት። እሷም በበሩ ስታልፍ እንደ ሁላችንም ትጎነበስ ነበር።

"አጓጉሽ፣ አንቺ ስንት አደግሽ?"

መጥረጊያዋን መቃኑ ላይ አስደገፈች። "አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ስጠብቅህ ነበር" አለች። "ና እዚህ።"

በግራው መቃን ላይ በቢላ የተጫረ ምልክት አሳየችኝ። ከጉበኑ አንድ ጋት ዝቅ ይላል። "ይህን የጫርኩት መጀመሪያ የመለስከኝ ቀን ነው። አናቴ እዚህ ጋ ነበር። አሁን እይ።" ቀጥ ብላ መቃኑን ተደግፋ ቆመች። ምልክቱ ከትከሻዋ በታች ሆነ።

"እሰይ፣ አድገሻል እኮ" አልኩ፤ ምን ልበል።

"በአርባ ሰባት ዓመቴ? ቀሚሴ ያው የዚያን ጊዜው ነው፤ መሬት ይጠርጋል።" ከዚያ በእግሯ ወለሉን መታ መታ አደረገች። "ያደገው ይኼ ነው። እኔ በየቀኑ ስለምጠርገው አውቀዋለሁ።"

ወለሉን አየሁት። አሥራ ሰባት ንጣፍ። በየንጣፉ አንድ ጣት። አሥራ ሰባት ዓመት ዓይኔን ከጉበኑ ሳላነሳ ኖሬ፣ ጥጥ ሰግስገው የመጡትን ሁሉ እየያዝኩ ስኮራ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ ታች አላየሁም። አፈርኩ። ሌላ ቃል የለኝም፣ አፈርኩ።

"ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ልጅ ነሽ ስትሉኝ አይደለሁም ብል ሰማችሁኝ? ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል ብዬ እናገራለሁ?"

በዚያው ሳምንት ይስማው መጥቶ "በመስከረም አትጠገብን አቆማታለሁ" አለኝ። የጠየቃት የደወል አከራዩ ልጅ ነበር። ደወል አከራዩ ለየሠርጉ ደወል የሚያከራይ ሀብታም ሰው ነው፤ ልጁ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሰውዬው ክፉ አይደለም።

"ይስማው፣ ልጅቷ አሥር ዓመቷ ነው እኮ" አልኩት።

"ዓመት ምን ያደርግልኛል? ሕጉ ጉበን ነው የሚለው። እቤት ለክቻታለሁ፣ ትነካለች።" ድንጋይ አውርዶ አህያዋን አሰረ። "እናት የላት። ነገ እኔ ብወድቅ ማን አላት? ዓይኔ እያየ ብድራት ይሻላል። ደግሞ የሰው ሁሉ ልጅ ስትዳር የኔ ብቻ ብትቀር፣ ምን ጎድሏት ነው ነው የሚሉት።"

አትጠገብ ከኋላው ቆማ ትሰማለች። የራሷን የምስጋና ድንጋይ ራሷ እንድትቀርጽ ፈቅዶላት ነበር። ሁለት ፊደል ቀርጻ ቆማለች። ለምን አትጨርሺም ሲላት "መሮው ዶልዱሟል" ትላለች። አባቷ መሮውን ይስልላታል። በማግስቱ እንደገና ይዶለዱማል።

አዛዡ ዘንድ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ገባሁና "ጌታዬ፣ ወለሉ ከፍ ብሏል" አልኩ።

አዛዡ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ቁጭ በል አሉኝ። "ወለሉ ምንድን ነው?" አሉ።

"ምስጋና ነው።"

"እንግዲያ ምስጋናው በዛ ልትለኝ ነው?"

"አይ፣ ጌታዬ።"

"ጉበኑ ዝቅ ብሏል?"

"አላለም።"

"መቃኑ ተነቃንቋል? ከሕጉ አንድ ፊደል ተፍቋል?"

"አልተፋቀም።"

"እንግዲያ ሕጉ እንደ ቆመ ነው። ሥራህን ሥራ" አሉና እስከ ደጅ ሸኙኝ። ተሳስተዋል ብዬ የማመለክትበት ቃል አንድም አላገኘሁም። ሁሉም እውነት ነበር።

ይህን ለአጓጉሽ ስነግራት አትጠገብም አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። አጓጉሽ የማትናገር ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ተናገረች። "ሕጉ እኮ አንድ መስመር አይደለም። እኔ አራት ጊዜ ስመለስ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እያለቀስኩ ስለሆነ አልረሳሁትም። ታችኛዎቹ መስመሮች አሁን ከወለሉ ሥር ናቸው።" ከዚያ በቃሏ አለችው። "እናቷ ያለች የእናቷን እጅ ይዛ ትለካ። እናቷ የሌለች በእናቷ ድንጋይ ላይ ቆማ ትለካ።"

እናት የሌላቸውን እኛ የአክስታቸውን እጅ እናስይዝ ነበር። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እንደዚያ ይቀላል።

አትጠገብ ቀስ ብላ "የእናቴ ድንጋይ የት ነው?" አለች።

አጓጉሽ ወለሉን አሳየቻት። "ከሥር። እኔና እናትሽ በአንድ ቀን ነው የተለካነው። እሷ አሥራ አራት ዓመቷ፣ እኔ ሠላሳ አራት። ሁለታችንንም ይኼ ሰውዬ ነካች አለን።"

ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ያን ጊዜ ምንም አልጠየቀችኝም።

እኔ ሳላይ የማላምን ሰው ነኝ። ጽሕፈት ቤት ገብቼ ሣጥኑን አስከፍቼ የሕጉን ብራና አወጣሁ። ዳር ዳሩን አይጥ በልቶታል፤ መስመሩ ግን አለ። አጓጉሽ አንድ ቃል አልሳተችም።

የመስከረሙ ቀን ደረሰ። ከተማው በሙሉ ወጣ። ደወል አከራዩ ከራሱ ደወሎች ትልቁን ተሸክሞ መጣ። አትጠገብ ነጭ ለብሳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ከደረጃው ግርጌ ቆመች። አክስቷ እጇን ልትይዝ ስትል እጇን ወደ ኋላ አደረገችው።

"በእናቴ ድንጋይ ላይ ነው የምቆመው" አለች። "ሕጉ እንደዚያ ይላል።"

ሰዉ አጉረመረመ። ይስማው "ምን ነካሽ ልጄ?" አለ። እኔ ብራናውን አውጥቼ ለአዛዡ ሰጠኋቸው። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። እኚህ ሰው ሕግ ሲነበብ ቆመው የሚሰሙ ሰው ናቸው።

"ሕግ ሕግ ነው" አሉ። "ይቆፈር። የሚለወጥ ነገር የለም፤ የልጅቷ ቁመት እንደሆነ ከእግሯ ሥር ባለው ድንጋይ አይጨምር፣ አይቀንስ።"

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ይህም እውነት ነበር።

ድንጋዩ የት እንዳለ የሚያውቀው ይስማው ብቻ ነው፤ ራሱ ቀርጾ ራሱ ነው ያነጠፈው። በቀኙ መቃን ጥግ ተንበርክኮ የላይኛውን ድንጋይ በዲጅኖ ፈነቀለ። ድንጋይ ሲነሳ ስሙን ጮክ ብሎ ማንበብ የጠራቢ ወግ ነው፤ የሰው ስም በዝምታ አይነሳም። አነበበ። "ብዙአየሁ።"

ከሕዝቡ መካከል ቀጭን ድምፅ "አለሁ" አለች። የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሻሽ አስራለች።

ቀጣዩን አነሳ። "ስንታየሁ።" "አለሁ" አለች አንዷ፤ ልጅ አዝላለች፤ ከሩቅ ላያት ታናሽ ወንድሟን ያዘለች ነበር የምትመስለው። ሦስተኛውን አነሳ፣ አነበበ። መልስ የለም። ይስማው ትንሽ ጠበቀ። ከኋላ አንዲት እናት "የለችም፣ ቀጥል" አለች።

እንዲህ እያለ ወረደ። ከላይ የነበሩት ድምፆች ቀጫጭን ነበሩ፤ ወደ ታች ስንወርድ እየወፈሩ ሄዱ። ከአሥራ ሁለቱ ድንጋዮች አራቱ መልስ አልሰጡም። የአራቱንም ስም እኔ አውቀዋለሁ፤ የአሥራ ሁለቱንም "ነካች" ያልኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ባንድ ላይ ሲጠሩ ግን ሰምቻቸው አላውቅም። አዛዡ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ፤ ለምን እንዳወለቁት የሚያውቁ አይመስለኝም።

ከአሥራ ሁለተኛው በታች የነበረውን ድንጋይ ይስማው አላነሳውም። አፈሩን በነጠላው ጫፍ ጠረገው። "ትርንጎ" ብሎ አነበበ። የማንም ድምፅ አልመጣም። ለሌሎቹ ከጠበቀው በላይ ጠበቀ። ከዚያ ከጉድጓዱ ወጥቶ ለልጁ መንገድ ለቀቀላት።

አትጠገብ ወረደች። በእናቷ ድንጋይ ላይ በባዶ እግሯ ቆመች፤ ተረከዟን ከመቃኑ አጣብቃ፣ ቀጥ ብላ፣ አገጯን ሳታነሳ። እንደዚያ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው በዚያ በር ሥር አይቼ አላውቅም። ስንደዶዬን አወጣሁ። ግን ስንደዶ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። በአናቷና በጉበኑ መካከል ስንዝሬን ዘረጋሁ፤ ልክ ሆነ።

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ጠፋብኝ። በሥራ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ያለኝ ሰው አንዱን ከስምንት ዓመት በላይ አልተናገርኩትም ነበር። ምላሴ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሆነ።

"አልነካችም" አልኩ።

"ድገመው" አሉ አዛዡ።

"አንድ ስንዝር ቀርቷታል። አልነካችም።"

ደወል አከራዩ ደወሉን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ሊቀ ዕድገት ተጠርቶ ልጅቷ ከጠዋት እስከ አሁን አንድ ስንዝር እንዳጠረች አረጋገጠ፤ ምክንያቱ እስኪጠና ድረስ ትጠብቅ የሚል ወረቀትም ጻፈላት። አዛዡ ወረቀቱንም ብራናውንም አይተው "ሕጉ አልነካችም ካለ አልነካችም፤ ወደ ቤቷ ትመለስ" አሉ። ይህን በማለታቸው እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን አልጠየቁም፤ በዚያ ፈንታ እናት የሌላቸው ልጆች ለምን ቀስ ብለው እንደሚያድጉ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው አሁንም ይሰበሰባል መሰለኝ።

ሰዎቹ መበተን ሲጀምሩ አንዲት እናት የልጇን እጅ እንደያዘች መጥታ ጉድጓዱን ቁልቁል አየች። "ሕጉ የእናቷን እጅ ይዛ ነው የሚለው። እናትየዋ የት ትቁም ይላል?" ብላ ጠየቀችኝ። ብራናውን ፈለግሁ። የሚል ነገር የለም አልኳት። ልጇን ይዛ ወረደች። ከኋላዋ ሌሎች ተሰለፉ።

ይስማው በአህያው ላይ ድንጋይ ሲጭን አገኘሁት። ሁለት ፊደል ብቻ ያለበትን ድንጋይ ነበር የሚጭነው። ዓይኑ ቀልቷል። "ቤት ይቀመጥ" አለኝ፤ "ድንጋይ ነው፤ አይበላሽም።" ልጅ ያለችው አባት ስለሆነ እኔም ከዚያ ሌላ እንዲል አልጠበቅሁም።

ሴቶቹ ተራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ አትጠገብ እንደገና ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ በእናቷ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። በጣቷ የስሙን ፊደላት እየተከተለች ነበር። ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጥኩ። በርጩማዬ ከዚያ ጥልቀት ጋር ሲተያይ በጣም አጭር ነበር፤ አዲስ እግር ያስፈልገዋል።

"ጋሼ" አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። "እናቴ ያን ቀን ነክታ ነበር?"

አሥራ ሰባት ዓመት የለመድኩት ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ትርንጎ ያን ቀን ከበሩ ሥር ቆማ እኔን ሽቅብ ያየችበት ዓይን ትዝ አለኝ። አንድ ነገር እንድላት የጠበቀች ትመስል ነበር፤ እኔ ግን ስንደዶዬን ነበር የማየው።

"ነክታለች ብዬ ነበር" አልኳት።

ጣቷ ከፊደሉ ላይ አልተነሳም።

"እኔስ?"

"አልነካሽም።"

"ድገመው" አለች።

ደገምኩላት።